ደጋ ላይ አርግዘሽ ብርድ ስትሸሺ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ክረምት ደግሞ ጉሙና ካፊያው ቀኑን ሙሉ አይለቅም። መንዝ ወይም አንኮበር ያለችውም ይህንኑ ታውቀዋለች። ስለዚህ እዚህ አካባቢ አንዲት ሴት ማርገዟ ሲሰማ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ምክር አንድ ነው፤ «ብርድ እንዳይመታሽ!» ምክሩ ክፋት የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ብርዱን ለመሸሽ ብለን ቤት ውስጥ የምናደርገው ነው። ነፍሰ ጡሯን ብዙ ጊዜ የሚጎዳት ብርዱ ሳይሆን ሽሽቱ ነው።

ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት

ይህን የማስቀድመው ሰው የሚገድል ስለሆነ ነው። ማታ ማንደጃው ደጅ ላይ ይቀጣጠላል። ጭሱ እስኪያልቅ ይራገባል። ፍሙ ሲቀላ መኝታ ቤት ይገባል። መስኮቱ ይዘጋል፤ በበሩ ሥር ንፋስ እንዳይገባ አሮጌ ጨርቅ ይወተፋል። «ቀልቷል፣ ምንም አይልም» ይባላል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱም ያልፋል። ከጽንሱ ደም ለመውጣት ደግሞ ከእናትየው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። እናትየው ራሷን አሟት ብቻ ስታልፍ ጽንሱ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ለነፍሰ ጡር የባሰ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ከሰል የመታው ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። እርጉዝ ሴት ይህን ስትናገር ማን ከሰል ነው ብሎ ይጠረጥራል? «የእርግዝናው ነው፣ ትንሽ ጋደም በይ» ትባላለች። የምትጋደመው እዚያው፣ ፍሙ አጠገብ ነው። ቤት ስትገቢ የሚጀምርሽ፣ ደጅ ስትወጪ የሚተውሽ ራስ ምታት ካለ ከሰሉን ጠርጥሪ። ቡና ሲፈላም በሩ ገርበብ ሳይሆን በደንብ ይከፈት። ፍም ባለበት ክፍል ግን በጭራሽ አትተኚ።

ለመኝታ የሚሆን ቀላል ዘዴ አለ። ሞቅ ያለ፣ ግን ያልፈላ ውሃ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙዪ። ክዳኑን አጥብቀሽ በወፍራም ካልሲ ክተቺውና ከመተኛትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት ብርድ ልብሱ ውስጥ በእግርጌ በኩል አስገቢው። አልጋው ሞቆ ይጠብቅሻል።

ሕመሙን ሁሉ ብርድ ነው ማለት

ሽንት ሲያቃጥል ብርድ፣ ወገብ ሲቆርጥ ብርድ፣ ራስ ሲያም ብርድ ወይም ምች። ከዚያ ጤና አዳም ይቀቀላል፣ ዳማከሴ ይታሻል፣ ተሸፋፍኖ ይተኛል። በዚህ መሐል ቀናት ያልፋሉ።

ሽንት ሲያቃጥልና ቶሎ ቶሎ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። በእርግዝና ጊዜ ወደ ኩላሊት የመውጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣም ይችላል። በሽንት ምርመራ ይታወቃል፤ ለነፍሰ ጡር የሚሆን መድኃኒትም አለው። ደጋ ላይ ውሃ ስለማይጠማን ቀኑን ሙሉ በሁለት ስኒ ቡና የምንውለውም ነገር ያባብሰዋል። ቀዝቃዛው ካስጠላሽ ለብ አድርገሽ ጠጪ። ጤና አዳምን ደግሞ ለቡና ማጣፈጫ ጣል ማድረግና ቀቅሎ መጠጣት ለየቅል ናቸው። ብዙ ሲወሰድ ማህፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ ቢቀር ይሻላል። ኮሶም እንደዚሁ አይነካ።

ከአምስተኛው ወር በኋላ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ብዥ የሚል ዕይታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ካየሽ ደግሞ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አረቄ ያሞቃል ብሎ መቅመስ

አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ቆዳ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ነው። ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣና ይተናል፤ ውስጥሽ ይበርደዋል። ለጽንስ ደህና ነው የሚባል የአልኮል መጠን የለም። ጠላውም ጠጁም እዚሁ ውስጥ ይገባል። እንግድነት ሄደሽ «ለጽንሱ ጥሩ ነው፣ በሞቴ» ስትባዪ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም።

የሚያሞቅ ከተፈለገ አጃና ገብስ የሞላበት አገር ላይ ነን። የአጃ አጥሚት በትኩሱ ያሞቃልም ያጠግባልም። ቡና የሚወዱ ሰዎች አይቆጡኝና፣ አቦል ላይ ማቆሙ ይበቃል። የደም ማነስ መከላከያውን የአይረን ክኒን ደግሞ ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰጂው፤ ሰውነት በደንብ እንዳይቀበለው ያደርጋሉ። አንድ ሁለት ሰዓት ይራራቁ።

ዳንቴል ይዞ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ

የእጅ ሥራን እንድትተዪ የሚመክርሽን አትስሚ። ዳንቴልም ሆነ ጥልፍ፣ ወይም ስንደዶና አክርማ ይዞ መስፋት ሐሳብ ያሳርፋል። ችግሩ አቀማመጡ ላይ ነው። ሲበርድ እግራችንን አጣጥፈን፣ ጋቢ ደርበን፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ እንጎብጣለን። ሆድ ይጨመቃል፣ ወገብ ይቆረጣል፣ እግር ያብጣል። በእርግዝና ጊዜ ደም የመርጋት ዕድሉ ስለሚጨምር ለሰዓታት ሳይነሱ መቀመጥ ጥሩ አይደለም። ጀርባሽን የሚደግፍ ወንበር ላይ ሁኚ፤ እግርሽን በርጩማዋ ላይ ስቀዪው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ደግሞ ኪሮሹን አስቀምጠሽ ሰፈሩን ዞር ዞር በይ።

ምን ልሥራ ካልሽ የሕፃን ኮፍያ ሥሪ። አራስ ልጅ ብዙ ሙቀት የሚያጣው በጭንቅላቱ በኩል ነው። የአካባቢያችን የበግ ጠጉር ለዝተት ግሩም ነው፤ ለአራስ ቆዳ ግን ይቆረቁራል። ለስላሳ ክር ምረጪ፤ ውስጡን በጥጥ ጨርቅ ገብሪው። አገጭ ሥር የሚታሰር ክር አታድርጊበት፤ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

ደራርቦ ማጥበቅ

ታይት ላይ ታይት፣ ከዚያ ቀሚስ፣ ከላይ መቀነት ሽምቅቅ። ሙቀት የሚይዘው በልብሶቹ መሐል ያለው አየር ነው፤ ሲጠብቅ አየሩም ይሄዳል። ሰፋ ሰፋ ያሉ ሁለት ልብሶች ከአንድ ጠባብ ይበልጣሉ። መቀነት ካማረሽ ከሆድሽ በታች ላላ አድርገሽ እሰሪው። ለእግርሽ ደግሞ ሶሉ ያልበላ ጫማ፤ የክረምት ጭቃ ላይ መውደቅ ቀልድ አይደለም።

ግልገሉን እቅፍ አድርጎ ማሞቅ

ገጠር ባለው ቤት ሌሊቱ ሲከፋ ግልገል ወደ ውስጥ ይገባል። አንጀት ይበላል፣ እውነት ነው። ግን በግ ስትወልድ፣ በተለይም ስትጨነግፍ፣ ከእንግዴ ልጁና ከፈሳሹ የሚተላለፉ በሽታዎች ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዱ ይችላሉ። ማዋለዱን፣ ግልገሉን ማድረቁንና በረት መጥረጉን ሌላ ሰው ይሥራው። ወተት ይፈላ፣ ሥጋ ይብሰል።

ብርዱ እስኪያልፍ ቆላ መውረድ

ብርዱ ሲበረታ «እህትሽ ጋ ሸዋ ሮቢት ወርደሽ ትንሽ ሰንብቺ» መባል የተለመደ ነው። ጣርማ በርን አልፈሽ ደብረ ሲናን ስትጨርሺ አየሩ ይለወጣል። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ አለ። ደጋ ያደገች ሴት ሰውነቷ ወባን አልለመደውም፤ በእርግዝና ላይ ሲደረብ ደግሞ ይከፋል። ደም ያሳንሳል፣ ያስወርዳል፣ ልጁ ክብደቱ አነስተኛ ሆኖ እንዲወለድ ያደርጋል። መሄድሽ ካልቀረ አጎበር ይዘሽ ውረጂ፤ የእንግዳ አልጋ ላይ አጎበር ይኖራል ብለሽ አትተማመኚ። እዚያ እያለሽ ወይም ከተመለስሽ በኋላ ትኩሳት ከያዘሽ በዚያው ቀን ተመርመሪ፤ ቆላ እንደነበርሽም ንገሪያቸው። ደብረ ብርሃን ላይ የሚያይሽ ባለሙያ ካልነገርሽው ወባን መጀመሪያ ላያስብ ይችላል።

አራሱን ወዲያው ማጠብ

ልጁ እንደተወለደ አጥቦ፣ ቅቤ አልሶ፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ለብቻው ማስተኛት የቆየ ልማድ ነው። ሦስቱም ለደጋ አይሆኑም። ቶሎ ከታጠበ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ደርቆ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ራቁቱን ደረትሽ ላይ ይተኛ፤ ከላይ ጋቢ ይደረብላችሁ። ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ የለም። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቅቤው ይቅር፤ ቢጫው የመጀመሪያ ወተት ይበቃዋል። ብርድ ልብሱም ፊቱን አይሸፍን። ይህን ለእናትሽና ለአማትሽ ከአሁኑ፣ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ፣ ረጋ ብለሽ አስረጃቸው፤ ምጥ ከያዘሽ በኋላ የምትነጋገሩበት ጊዜ አይኖርም።