የሰፈር ሶምሶማ እንዴት ይጀመራል? ከመጨረሻው ሰው ጀምሩ

መጀመሪያ ስህተቴን ልናዘዝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ደሴ ላይ «ሰፈሩን በሩጫ አገናኘዋለሁ» ብዬ ሰባት ሰው ሰበሰብኩ። ጠዋት ተገናኘን፣ ሰላም ተባባልን፣ ከዚያ አራቱ ጎረምሶች ተፈተለኩ። እኔም እንዳልበለጥ ብዬ ተከተልኳቸው። ጎረቤቴ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ገና የመጀመሪያውን ዳገት ሳትጨርስ ብቻዋን ቀረች። ስንመለስ የለችም። ማታ ቤቷ ሄጄ «ምነው?» ስላት፣ «እናንተ ሩጡ፣ እኔ ጃኬት ልጠብቅላችሁ» አለችኝ። እየሳቀች ነው የተናገረችው፣ ነገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከነከነኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከእኔ በቀር የመጣ አልነበረም።

ሁለተኛው ሙከራ ዛሬም አለ። ሰዎቹ በአብዛኛው እነዚያው ናቸው። ለውጡ፣ ነገሩን ሁሉ ኋላ ለሚቀረው ሰው እንዲመች አድርገን ማሰናዳታችን ነው። እንዲህ ነው ያደረግነው።

ሰው ስትጠሩ

ማስታወቂያ አትለጥፉ። ቴሌግራም ላይም አትጀምሩ፤ «እመጣለሁ» ብሎ አውራ ጣት የሚልክ ብዙ ነው፣ ጠዋት ከብርድ ልብሱ የሚወጣው ጥቂት ነው። ለመጀመር ሦስት ሰው ይበቃል። ቤታቸው ሄዳችሁ በአካል ጠይቁ።

ወሎ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ቅሬው አለላችሁ። ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ ነው። ስብሰባው ሊበተን ሲል ዳኛውን፣ ማለትም የቅሬውን ሰብሳቢ፣ አስፈቅዳችሁ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ። በሀዘን የሚገናኝ ሰው በደህና ቀን ቢገናኝ ማንም አይጠላም።

«ሩጫ» የምትለዋን ቃል ግን ተዋት። ሩጫ ሲባል ሰው ኃይሌን ነው የሚያስበው፣ ከዚያ የራሱን ሆድ ያይና ይቀራል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ እንኳ፣ ፊት ከሚሽቀዳደሙት ጀርባ ያለው ሕዝብ 10 ኪሎ ሜትሩን እየዘፈነና እየተራመደ ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ «ጠዋት ሰውነታችንን እናፍታታ፣ ሶምሶማ ቢጤ» በሉ። ለሴቶች ደግሞ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ ወይም ሂጃብ አድርጎ መምጣት እንደሚቻል በግልጽ ንገሩ። ካልተነገራቸው ቱታ መግዛት ግዴታ ይመስላቸዋል። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ህመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትኖር፣ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ። መንገድ ላይ ደረቱን የጨነቀው ወይም ያዞረው ሰው ወዲያው ያቁም፤ በዚህ ላይ ጀግንነት የለም።

ቀኑን መምረጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመጀመሪያው ቡድን ከተበተነበት ምክንያት አንዱ ቀኑ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ አለ። ዓርብ ጁምዓ ነው፣ የኦርቶዶክሱም ጾም ነው። ረቡዕም ጾም ነው። ሰኞና ሐሙስ ሱና የሚጾሙ ጎረቤቶች አሉ። ሰኞ ደግሞ ደሴ ላይ ገበያ ነው፤ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር ያለን በከንቱ አይደለም። ቀናንሳችሁ ስታዩት ማክሰኞና ቅዳሜ ይተርፋሉ። ስሌቱን የሠራልን የሰፈራችን ባለሱቅ ነው፣ በተቀደደ የብስኩት ካርቶን ጀርባ ላይ። ካርቶኑ አሁንም ሱቁ ውስጥ ተሰክቷል። እናንተም ሰፈር ውስጥ ማን መቼ ጾመኛ እንደሆነ፣ ማን መቼ ገበያ እንደሚወጣ ጠይቁና የራሳችሁን ካርቶን ሥሩ። መጠየቁ በራሱ መተዋወቅ ነው። እኔ ለስንት ዓመት አጥር የምጋራው ሰው ሐሙስ ሐሙስ እንደሚጾም ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ሰዓቱ ከነጋ በኋላ ይሁን። እኛ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነን። ሳይነጋ ከወጣችሁ ውሻው አለ፣ ጅቡም ገና ወደ ጎሬው አልተመለሰም። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን፣ በድንግዝግዝ አሥር ሰው ሲሮጥ ያየ አላፊ አግዳሚ ምን መጣ ብሎ እሱም ይሮጣል። ቀበሌውን አስቀድማችሁ አሳውቁ።

መንገዱ

ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ከ1,850 ሜትር ገደማ፣ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሰው እንኳ ትንፋሹ ያጥረዋል። እንግዳ ሲያለከልክ «ምን ነካህ?» አትበሉት፤ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

የጦሳን ተራራ ለመውጣት አትቸኩሉ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ጭራሽ ተዉት፤ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ለጀማሪ ጉልበትና ጭን ቁልቁለቱ ራሱ ፈተና ነው። ኮብልስቶን ሲረጥብ ያንሸራትታል። ለጥ ያለ አንድ ኪሎ ሜትር ካገኛችሁ፣ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ትመላለሱበታላችሁ። ጉም በሚወርድበት ቀን ደማቅ ልብስ ልበሱ፣ መኪና ከፊት ለፊታችሁ በሚመጣበት የመንገድ ዳር ሂዱ።

ፊሽካው

ያዳነን ነገር ይሄ ነው። በርቀት አንሮጥም፣ በደቂቃ ነው የምንሮጠው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ፈጠን ብለን እንራመዳለን። ከዚያ ጀማሪ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቀ ይሄዳል፤ ለምዶ የቆየው በራሱ ልክ ይሮጣል። 12ኛው ደቂቃ ላይ ፊሽካ ይነፋል። ሁሉም ካለበት ቦታ ዞሮ ይመለሳል።

አሁን ምን እንደሆነ አስቡት። ኋላ የቀረችው ሴት ስትዞር ፊት ሆነች። ፊት የነበረው ጎረምሳ ከሁሉም ኋላ ነው። ሁሉም ፍጥነቱን ከጠበቀ፣ የተነሱበት ቦታ የሚደርሱት በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ማንም ማንንም አልጠበቀም፣ ማንም አልተጠበቀም። ጎረምሳው ሰው ለመድረስ መሮጥ አለበት፣ ስለዚህ እሱም አልተጎዳም። «ፊተኞች ኋለኞች» የሚለውን በእግሬ የተረዳሁት እዚህ ነው።

ፍጥነታችሁን በወሬ ለኩ። ጎናችሁ ካለው ሰው ጋር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በየሦስት አራት ሳምንቱ የሶምሶማውን ደቂቃ በአንድ ጨምሩ፣ ከዚያ በላይ አትቸኩሉ። ከኋለኛው ሰው ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚሄድ አንድ ሰው ይኑር፤ እኛ በተራ ነው።

አንደበት

እኛ አገር «ወፍረሃል» ሰላምታ ነው። ቀጥሎ «ከስተሻል፣ ምነው አመመሽ?» ይመጣል። ክፋት የለውም፣ ግን ቱታ ለብሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣች ሴት ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ይሄን ብትሰማ ሁለተኛ አትመጣም። ስለ ሰው ሰውነት አናወራም ብለን ተስማማን። ከባዱ ሕግ እሱ ሆኖ ተገኘ፤ አሁንም ያመልጠናል።

የቀረ ሰው ላይ ቅጣት አትጣሉ። የቅሬ ቅጣት ይበቃል። «የት ጠፋህ?» ከማለት «ደህና ነህ ወይ?» ማለት ይሻላል፤ መጀመሪያው ምርመራ ነው፣ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ማክሰኞ ለቀረ ሰው ከምሳ በፊት አንድ ሰው ይደውልለታል። ታሞ ከሆነ ቅዳሜ መመለሻችን በእሱ በር በኩል ነው፣ በላብ ልብሳችን እንጠይቀዋለን። «አብሽር፣ ፊሽካው አይከስም» ብለን እንሄዳለን።

የተኳረፉ ሰዎችም ይመጣሉ። በእኛ ቡድን ውስጥ በጓሮ ፍሳሽ ውሃ ተጣልተው ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት አባወራዎች ነበሩ። ካላስታረቅናቸው ብሎ የተነሳ አዛውንት ነበር፣ ለመንነውና ተወው። አንድ ቅዳሜ ፊሽካው ሲነፋ ዞረው ጎን ለጎን ገጠሙ። አንዱ ዝም ብሎ ቆየና «የጫማህ ክር ተፈቷል» አለው። ሌላኛው ጎንበስ ብሎ አሰረ። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልተባባሉም። የፍሳሹ ጉዳይ የተነሳው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፣ ያኔ ሽማግሌ ቢገባ ቀላል ነበር፣ ገባም።

ቡናው

ቅዳሜ በየቤቱ በተራ ቡና እንጠጣለን። አደጋውም እዚሁ ነው። የመጀመሪያዋ አስተናጋጅ ቆሎ አቀረበች፣ ሁለተኛዋ ዳቦ ጨመረች፣ ሦስተኛው ቤት ስንገባ ክትፎ ጠበቀን። አራተኛው ተረኛ ያን ቀን ታመምኩ ብሎ ቀረ። አልታመመም፣ አቅሙ አልፈቀደም እንጂ። ከዚያ ወዲህ ቡናና ቆሎ ብቻ ነው፤ የጨመረ ሰው ዕቃውን ራሱ ያጥባል። መዋጮም የለንም። ፊሽካውን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ወጪ አልነበረም።

ጾምና ክረምት

በረመዳን ሰዓቱን ወደ ማታ አዛውሩት፤ ለኢፍጣር ግማሽ ሰዓት ሲቀር፣ እርምጃ ብቻ። በዐቢይ ጾም ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚቆዩ አሉ፣ ጠዋት በላብ አጥምቆ ማዋል ግፍ ነው፤ ያኔም እንራመዳለን። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው አያስኬድም። በዚያ ጊዜ ቡናው ብቻ ቢቀጥል ይበቃል።

ፊሽካውን አሁን የምትይዘው ያቺ ጃኬት ልጠብቅ ያለችው ጎረቤቴ ናት። የበልግ ካፊያ ሲጀምር 12 ደቂቃ ሳይሞላ በስምንቱ ትነፋዋለች። ጎረምሶቹ ሰዓታቸውን አይተው ያጉረመርማሉ። ግን ይዞራሉ።