ቢሪያኒ ስትሠሩ ማማሰያውን አርቁት

ቢሪያኒ የህንዶች ምግብ ነው፤ በከፊል የተቀቀለ ሩዝ ሥጋ ላይ ተደርቦ፣ ተከድኖ በእንፋሎት ይበስላል። አልሳካ ያለው ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «አማስለሽዋል?» ብዬ ነው። መልሱ ሁልጊዜ «ትንሽ ብቻ» ነው። ወጥ የለመደ እጅ ድስት እሳት ላይ ተጥዶ ዝም ብሎ ማየት ይከብደዋል። እኔም ከብዶኝ ነበር። የተማርኩት ሻርጃ ምግብ ቤት ውስጥ ስሠራ፣ ከአንድ የህንድ፣ የሃይደራባድ ከተማ አብሳይ ነው። ከማማሰል ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው እነዚህ ናቸው።

ሽንኩርቱን ማቁላላት። ቢሪያኒ ቁሌት የለውም። ሽንኩርቱ በቀጭኑ በቁመቱ ተቆርጦ፣ በብዙ ዘይት ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል። ከመጥቆሩ በፊት ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ ከዘይቱ ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት መጥቆሩን ይቀጥላል። ወረቀት ላይ በትናችሁ ስታቀዘቅዙት ደርቆ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ግማሹ ሥጋው ውስጥ፣ ግማሹ ከላይ ይገባል።

በቅመም የተነጠረ ቅቤ መጨመር። የህንዶቹ ንጥር ቅቤ ቅመም የለበትም። የእኛ ኮሰረትና ኮረሪማ ሽታውን ይወስደዋል። ኮረሪማም የሄልን ቦታ አይተካም።

አሁን ወደ ሩዙ። ብዙ ሰው ድስቱን የሚያበላሸው እዚህ ነው። ረጅሙን ባስማቲ ግዙ። ውሃው ጠራ እስኪል እጠቡት፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ያልተዘፈዘፈ ሩዝ ላዩ ሲፈርስ ልቡ ጥሬ ይቀራል። ውሃውን በትልቅ ድስት አፍሉ፤ ስትቀምሱት ጨው ጨው ይበል፤ አብዛኛው ጨው ከውሃው ጋር ስለሚደፋ አትፍሩ። ሩዙ ከገባ በኋላ ስልክ አታንሱ፣ በር አትክፈቱ። ከአምስት ደቂቃ ጀምሮ አንድ ፍሬ እያወጣችሁ በጣት ተጫኑት። ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰበረና መሀሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለው ደርሷል፤ ወዲያው አጥልሉት። «ትንሽ ይብሰል» ያለ ሰው ገንፎ ይበላል። የቀረውን የሚያበስለው ከሥጋው የሚነሳው እንፋሎት ነው፤ የምግቡ ሙሉ ሐሳብ ይኸው ነው!

አንድ ዓርብ ለምሳ ሰዓት ሩዙ እሳት ላይ እያለ ሌላ ሥራ ያዝኩ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አብሳዩ መጥቶ አንድ ፍሬ አነሳ፣ በጣቱ ጨፈለቀው፣ ምንም ሳይናገር ድስቱን ሙሉ ደፋው። ሌላ ሩዝ መዘፍዘፍ ጀመርን። ሰልፉ በር ድረስ ነበር።

ሩዙን በእርድ መቀቀል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ይሆናል። ሳፍሮኑን ለብ ባለ ወተት ዘፍዝፋችሁ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አድርጉት።

ጀማሪ ሆኖ በጥሬ ሥጋ መጀመር። በሃይደራባዱ «ካቺ» ጥሬ ሥጋ በእርጎ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅመም ታሽቶ ያድራል፤ ከሩዙ ሥር ሆኖም እዚያው ይበስላል። ሲሳካ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ግን ሥጋው ሳይበስል ሩዙ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። እንደ ሌላዋ የህንድ ከተማ፣ እንደ ላክናው ሰዎች ሥጋውን መጀመሪያ አብስላችሁ ጀምሩ። የበሬ ሥጋ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ይብሰል። ለካቺ የፍየል ጠቦት ፈልጉ።

ክዳኑን መክፈት። ታሽጎ በእንፋሎት መብሰሉን «ዱም» ይሉታል፤ ትርጉሙ እስትንፋስ ነው። የድስቱ አፍ ዙሪያውን በሊጥ ይታሸጋል፤ በከፈታችሁት ቁጥር ሩዙን የሚያበስለው እንፋሎት ይወጣል። ቀድሞ ለበሰለ ሥጋ 20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ለካቺ አንድ ሰዓት ገደማ በዝግታ ይቆይ። ከድስቱ ሥር ወፍራም የብረት መጥበሻ አድርጉ፤ አለበለዚያ ታችኛው ያራል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ቤቴ ስሠራ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አይቻለሁ፤ ላይኛው ሩዝ ደርቆ፣ ሥጋው አጥንቱ ጋ ቀይ ሆኖ ቀረ። ዓይናችሁን ተዉትና አፍንጫችሁን እመኑ። የናናውና የሄሉ ሽታ ቤቱን ሲሞላ፣ ሊጡም ደርቆ ሲሰነጠቅ ደርሷል።

እሳቱን አጥፍታችሁ 15 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ከዳር በኩል በጠፍጣፋ ማውጫ እስከ ታች ግቡና ሳትገለብጡ አንሱት። ነጩም፣ ቢጫውም፣ ሥጋውም አንድ ላይ ይወጣል፤ ሩዙ ፍሬ በፍሬ እንደተለያየ ሳህኑ ላይ ይወርዳል።