ለሩገር 10/22 አዲስ በርሜል ከመግዛታችሁ በፊት

ሩገር 10/22 የሚባለውን፣ .22 ጥይት የሚተኩሰውን ጠመንጃ የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ መለዋወጫ ላይ ያርፋል። ጠመንጃው እንደ ፈረንጆቹ ከ1964 ጀምሮ ገበያ ላይ ስላለ የሌለው መለዋወጫ የለም። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ ወዳጆቼ «በርሜሉን ልቀይረው?» ይሉኛል። ቀይሩት፣ ግን መጨረሻ ላይ። ከዚያ በፊት ጠመንጃው ያለሙበትን እንዲመታ የሚያደርግ፣ በትንሽ ገንዘብ የሚገኝ ትልቅ ለውጥ አለ።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ። ቀጥሎ መቀርቀሪያውን ሳቡና የጥይቱን ማረፊያ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ። ካዝናው ሳይወጣ መቀርቀሪያውን ብትስቡና ብትለቁት ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ጠመንጃ በምትፈቱበት ጠረጴዛ ላይ አንድም ጥይት አይኑር።

ከዚያ ጠመንጃው አሁን ምን ያህል አንድ ቦታ እንደሚመታ እወቁ። ጠመንጃውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስደግፉና በ50 ያርድ አምስት አምስት ጥይት በአምስት የተለያዩ ኢላማዎች ላይ ተኩሱ። በእያንዳንዱ ኢላማ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ለኩ። የአምስቱን አማካይ ጻፉ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው። አንዱ ኢላማ አምሮ ቢወጣ አትመኑት፣ አማካዩን ነው የምትይዙት። እኔ ፌርፋክስ ውስጥ ባለ ቤት ውስጥ በሚተኮስበት ቦታ ነው የምለካው። ነፋስ ስለሌለ ውጤቱ አያወዛግብም።

አሁን ጥይት። ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ነው። የ.22 ጥይት የሚቀጣጠለው የቀለሁ ጠርዝ ሲመታ ነው። መሃሉ ሲመታ የሚቀጣጠለውን የሌላ ጠመንጃ ጥይት የሚተኩስ ሰው ባሩዱን ቤቱ መዝኖ ለጠመንጃው የሚስማማውን ይሠራል። እኛ ግን ፋብሪካው የሰጠንን ነው የምንተኩሰው። ስለዚህ መምረጥ አለብን። ፈጣን የሚባለው ጥይት፣ ለምሳሌ ሲሲአይ ሚኒ ማግ፣ ከአፈሙዙ በሰከንድ 1,235 ጫማ አካባቢ ይወጣል። የድምፅ ፍጥነት ወደ 1,125 ጫማ ነው። ጥይቱ መንገድ ላይ ፍጥነቱ እየቀነሰ ከድምፅ ፍጥነት በታች ሲወርድ ይናወጣል። ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ግን ሲነሳም በ1,070 ጫማ ስለሆነ ይህ አይገጥመውም። እሱን፣ እንዲሁም ኤስኬ እና ኤሌይ የሚባሉ ፋብሪካዎች የሚሠሩትን ጥይት አንድ አንድ ፓኮ ግዙና ተራ በተራ ሞክሩ። ጥይት በቀየራችሁ ቁጥር ከመለካታችሁ በፊት ሃያ ያህል ተኩሱ። የየፋብሪካው ቅባት ስለሚለያይ በርሜሉ አዲሱን እስኪለምድ ቀዳዳዎቹ ይበታተናሉ።

ቀጥሎ ብሎን። ሥራዬ የአውሮፕላን ጥገና ነው፣ እያንዳንዱ ብሎን የራሱ ልክ እንዳለው ተምሬ ያደግኩበት ሙያ ነው። 10/22 ከሰደፉ ጋር የሚያያዘው በአንድ ዋና ብሎን ብቻ ነው። «ጠበቅ አድርገው» ብሎ ነገር የለም። ልክ የሚያሳይ መፍቻ ግዙና ከ15 እስከ 20 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ባለው ውስጥ እየሞከራችሁ የተሻለውን ያዙ። የእንጨት ሰደፍ ባለው ሞዴል ላይ ከፊት በርሜሉንና እንጨቱን አቅፎ የያዘ ቀለበት አለ። በርሜሉን ይጫነዋል። አውጥታችሁት ተኩሱና ለኩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፣ ወጪውም ዜሮ ነው።

ገንዘብ የምታወጡበት የመጀመሪያው ነገር ቃታ ይሁን። ጠመንጃው በሙሉ 5 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናል። ከፋብሪካ የመጣው ቃታ ደግሞ ለመሳብ ይህን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚህ በላይ ኃይል ይጠይቃል። የራሱን ክብደት በሚያህል ኃይል እየተሳበ እንዴት ሳይነቃነቅ ይቆያል? ሩገር ራሱ የሚሸጠው ቢኤክስ ቃታ ከ2.5 እስከ 3 ፓውንድ ነው። አልሞ ለመተኮስ ይበቃል። ከዚያ የቀለለ አልመክርም።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ዋናውን ብሎን ፍቱ። መጠበቂያውን፣ ማለትም ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚያግደውን ቁልፍ፣ መሃል ላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ ሰደፉን ይይዘዋል። ብረቱን ከሰደፉ አንሱ። ሁለቱን ዘንጎች ገፍታችሁ ስታወጡ የቃታው ሳጥን እንዳለ ይወጣል። ከኋላ አንዲት ወፍራም ዘንግ ልትወድቅ ትችላለች። የመቀርቀሪያው ማቆሚያ ናት፣ እንዳትጠፋ። በፕላስቲክ ቢቀይሯት ኳኳታው ይቀንሳል፣ ኢላማ ላይ ግን ለውጥ የላትም። አዲሱ ሲገባ መጠበቂያውን ዝጉና ያለ ጥይት ቃታውን ሳቡ። መምታት የለበትም። ካልመታ መጠበቂያውን ክፈቱና ደግማችሁ ሳቡ፣ አሁን መምታት አለበት።

መነጽር ስትገዙ ለ.22 የተሠራውን ጠይቁ። የትልልቅ ጠመንጃ መነጽር ብዙውን ጊዜ ለ100 ያርድ የተስተካከለ ነው። የ.22 ግን ለ50 ወይም ለ60። ካልሆነ ዓይናችሁ ትንሽ ሲዛነፍ የማነጣጠሪያው መስመርም ኢላማው ላይ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካልረካችሁ፣ አዎ፣ በርሜል። ኪድ ወይም ግሪን ማውንቴን የሚሠሯቸው ጥሩ ናቸው። የጥይቱ ማረፊያ «ቤንትዝ» የሚባለው ዓይነት ይሁን። ከተለመደው ጠበብ ያለ ነው፣ ግን ለውድድር እንደሚሠሩት አይጨንቅም፣ ስለዚህ በራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ አይታነቅበትም። ወፍራሙ .920 ኢንች በርሜል ስስ በርሜል ለያዘ ሰደፍ ስለማይገባ የሰደፉን ዋጋ ጨምራችሁ አስቡ። በርሜሉን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ብቻ ናቸው። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ።

በርሜሉን ስትወለውሉ ዘንግ በአፈሙዙ በኩል አታስገቡ። የ10/22 ጀርባ ዝግ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከፊት ይሞክራል፣ ዘንጉም የአፈሙዙን ጫፍ ይፍቃል። ጥይቱ በመጨረሻ የሚለቀው ያን ጫፍ ስለሆነ እዚያ የተጫረ ነገር ኢላማው ላይ ይታያል። ከውስጥ አስገብታችሁ ወደ አፈሙዙ የምትስቡት ገመድ ተጠቀሙ።