የውርጭ መድን ውል ከመፈረም በፊት እንዴት ይመረመራል?

1. ማሳው በእርግጥ ውርጭ የሚያሰጋው ነው?
ጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውሃው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ በባሕር ዳር፣ በዘጌና በፎገራ ዳርቻ ውርጭ ብርቅ ነው። ዘጌ ላለ የቡና ማሳ የውርጭ አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ) መክፈል ገንዘብ መበተን ነው። በፋርጣ ደጋና በጉና ተራራ ግርጌ ድንች ወይም ገብስ ለሚያመርት ግን ሌላ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ በቆመ ሌሊት ሰብሉ በአንድ ንጋት ሊመታ ይችላል።

2. ውሉ የሚለካውን ያንብቡ
የአየር ሁኔታ ኢንዴክስ መድን ገማች ልኮ የተቃጠለ ቅጠል አያስቆጥርም። በውሉ የተሰየመው መለኪያ ገደቡን ካለፈ ይከፍላል፣ ካላለፈ አይከፍልም። በአገራችን ለገበሬ ሲቀርብ የቆየው በአብዛኛው ለድርቅ የተሠራ ነው፤ የዝናብን መጠን ወይም ሳተላይት የሚያየውን ልምላሜ ይከተላል። እንዲህ ያለው ውል ድንችዎ በአንድ ሌሊት ቢጠቁር አንድ ብር አይከፍልም። «የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት» የሚል ካልተጻፈበት የውርጭ መድን አይደለም፤ ወኪሉ በቃል የሚለው አይቆጠርም።

3. ጣቢያውን ከማሳው ጋር ያስተያዩ
ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ውሉ «ከ0 ዲግሪ በታች» ሲል በውሉ የተሰየመውን የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ 0 ማለቱ እንጂ የእርስዎን ማሳ ማለቱ አይደለም። የጣቢያው ቴርሞሜትር ነጭ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በጠራ ሌሊት ግን መሬቱና ቅጠሉ ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ስለሚለቁ፣ በድንቹ ቁመት ያለው አየር ሳጥኑ ውስጥ ካለው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊበርድ ይችላል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ «ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል» የሚለው ስሌት ብቻውን ያሳስታል፤ ረባዳው ከጎኑ ካለው ተረተር ዝቅ ብሎም ይበልጥ ይበርዳል።

መፍትሔው መለካት ነው። ዝቅተኛውን ሙቀት መዝግቦ የሚያቆይ ቴርሞሜትር ይግዙ። ተራው የግድግዳ ቴርሞሜትር እዚህ አይረባም፤ ብርዱ የሚከፋው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ስለሆነ ቆሞ የሚያነብልዎ አይገኝም። ከማሳው ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ በሰብሉ ቁመት፣ ዛፍና ግድግዳ ከሌለበት በችካል ላይ ይስቀሉት። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ይጻፉና መልሰው ያስጀምሩት። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ቢያንስ የ20 ጥርት ያሉ ሌሊቶች ንባብ ያስፈልጋል። ደመናና ነፋስ የነበረባቸውን ይተዉ፤ በእነሱ በማሳውና በጣቢያው ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ስለሚጠብ አማካዩን ያበላሻሉ። የጣቢያውን የእነዚያኑ ቀናት ንባብ ባሕር ዳር ካለው የሚቲዎሮሎጂ ማዕከል በደብዳቤ ይጠይቁ፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር ስም ቢሆን ይመረጣል።

የድንች ቅጠል −1 እና −2 ዲግሪ መካከል ሲደርስ ይቃጠላል። ማሳው −1 በነካበት ሌሊት ጣቢያው 3 ካነበበ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ገደብ 3 ነው። በ0 ቢፈርሙ ድንቹ ጠቁሮ ጣቢያው 2 ያነባል፣ ካሳም የለም። ገደቡ ከፍ ሲል አረቦኑ እንደሚጨምር ግን ይወቁ። ልዩነቱ አንድ ሌሊት 2፣ ሌላ ሌሊት 6 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ጣቢያው ለማሳዎ አይሆንም፤ ውሉን ይተዉት።

4. ክፍያውን ያስሉ
ለምሳሌ የመድኑ መጠን 12,000 ብር፣ ክፍያ የሚጀምርበት 2 ዲግሪ፣ ሙሉው የሚከፈልበት −1 ዲግሪ ቢሆን፣ በመካከሉ 3 ዲግሪ አለ፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4,000 ብር ይደርሳል። ጣቢያው 0.5 ካነበበ 1.5 ዲግሪ ወርዷል፣ ክፍያውም 6,000 ብር ነው። የዘር፣ የማዳበሪያና የኬሚካል ወጪዎን ከዚህ ጋር ያስተያዩ። የአንድ ሌሊት ንባብ ይበቃል ወይስ ተከታታይ ሌሊቶች ይፈለጋሉ? ይህም መጻፍ አለበት። ለድንች አንድ ሌሊት ይበቃል፤ ሁለት የሚጠይቅ ውል አይፈርሙ።

5. ትንንሾቹን አንቀጾች አይዝለሉ
የሽፋኑ ቀናት ሰብሉ ከሚያብብበትና ፍሬ ከሚይዝበት ጊዜ ጋር ይግጠሙ፤ ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ሽፋኑ ካበቃ በኋላ ሊመታ ይችላል። ጣቢያው ንባብ ቢጎድለው በምን ይተካል? መድኑ ከብድር ጋር ተያይዞ ከመጣ ካሳው መጀመሪያ ለአበዳሪው ሊሄድ ስለሚችል ተቀባዩን ያጣሩ። ሻጩ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማየት ደግሞ ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

6. ከፈረሙም በኋላ ማሳውን ይጠብቁ
ክፍያው በጣቢያው ንባብ ብቻ ስለሚወሰን ሰብሉን ማዳንዎ ካሳዎን አይቀንስም። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ቀጥ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ መሬቱን በቦይ ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቃል። ሌሊት ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት ጀምሮ ማቋረጥ ግን ከነጭራሹ ካለመጀመር ይብሳል፤ ውሃው ሲተን ቅጠሉን ይበልጥ ያበርደዋል።