አዘዞ ልከራይ ወይስ መሃል ከተማ?

የምሠራው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ባንክ ቤት ነው። ካሸር ነኝ። አዲስ ተመድበው የሚመጡ ልጆች ከሥራው በፊት የሚጠይቁኝ ስለ ቤት ነው። "እህቴ፣ አዘዞ ሰፋ ያለ ክፍል በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ልያዘው?" እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ምሳህን የት ልትበላ ነው?

ቀልድ ይመስላቸዋል። ግን ጎንደር ውስጥ ቅርብ የሚኖር ሠራተኛ ምሳውን ቤቱ ገብቶ ነው የሚበላው። ቢሮው 6:30 ይወጣል፣ 7:30 ይመለሳል። አራዳ ወይም አውቶፓርኮ የሚኖር ሰው በእግሩ ደርሶ፣ በልቶ፣ ቡናም ከተፈላ አንድ ስኒ ፉት ብሎ ይመለሳል። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሄዶ በልቶ መምጣት አይታሰብም። ስለዚህ ደላላው "ኪራዩ በ3,000 ብር ይቀንሳል" ሲላችሁ ወረቀትና እስኪርቢቶ አውጡ።

እንዲህ ነው የምትሠሩት። ቁጥሩ የምሳሌ ነው፣ በራሳችሁ ተኩት። ሚኒባሱ በአንድ ጉዞ 25 ብር፣ ከአስፋልት እስከ ቤት ባጃጁ 15 ብር ይሁን። ደርሶ መልስ 80 ብር ነው። እኛ ቅዳሜም ስለምንገባ በወር 26 ቀን እንበለው፤ 2,080 ብር። ውጭ የሚበላው ምሳ ከቤቱ በ70 ብር ቢበልጥ ደግሞ 1,820 ብር። ድምሩ 3,900 ብር። "ርካሹ" ቤት በወር 900 ብር አስከፈላችሁ ማለት ነው። ምሳ ዕቃ የሚይዝ ሰው ሒሳቡን ያስተካክለዋል፤ ግን ሌሊት ተነስቶ ወጥ የሚሠራው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በዐቢይ ጾም የምሳው ወጪ ለብዙዎቻችን ይቀራል፣ ያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምንቆይ። በዓመቱ ሁሉ ግን አይጾምም።

ሰዓቱም ገንዘብ ነው። ከበር እስከ በር 45 ደቂቃ ቢወስድባችሁ፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በ26 ቀን 39 ሰዓት ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ የሳምንት ሥራ ሰዓት ልክ 39 ነው። በየወሩ አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት መንገድ ላይ፣ ያለ ደሞዝ!

ብሩኖ ፍሬይ እና አሎይስ ስቱትዘር የሚባሉ የስዊዘርላንድ ኢኮኖሚስቶች የጀርመን ቤተሰቦችን የብዙ ዓመት መረጃ አገላብጠው በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ሩቅ የሚኖር ሰው ወይ በኪራዩ ርካሽነት ወይ በደሞዙ ይካሳል ነበር የሚባለው። እነሱ ያገኙት ግን መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሰው በኑሮው ያለው እርካታ እየቀነሰ መሄዱን ነው። ካሳው አልደረሰም። ያውም ባጃጅ ለነዳጅ ተሰልፎ በማይውልበት አገር።

ቤቱን ለማየት በደላላው ቀጠሮ አትሂዱ። ደላላ የሚቀጥረው እሑድ ነው፣ ያለዚያም እኩለ ቀን፤ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት "አሥራ አምስት ደቂቃ ናት" ይላችኋል። እናንተ ሰኞ ጠዋት 1:15 ላይ ከዚያ ሰፈር ተነሱ። ሰዓት መያዝ የምትጀምሩት ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ አይደለም፣ ከግቢው በር ስትወጡ ነው። ረዳቱ እስኪሞላ የሚጮኽበትም ይቆጠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ አዘዞ መነሻ ስለሆነ ወንበር ይገኛል፤ መሃል መንገድ ላይ፣ ማራኪ የቆመ ሰው ግን ሞልቶ የመጣ ሚኒባስ እየተመለከተ ይቀራል። በካርታ ግማሽ መንገድ ቀርቦ፣ በሰዓት እኩል ሊደርስ ይችላል። አቅጣጫውንም እዩ። ጠዋት ከከተማ ወደ አዘዞ የሚሄድ ሠራተኛ ዘና ብሎ ነው የሚጓዘው።

ከተቻለ ሐምሌ ላይ እዩት። አዘዞ አካባቢ አፈሩ ዋልካ የሆነበት ቦታ አለ። ዝናብ ሲመታው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ባጃጁም አስፋልቱ ዳር ያወርዳችሁና "ከዚህ በኋላ አልገባም" ይላል። ከዚያ የጫማ መቀየሪያ በፌስታል ይዞ ቢሮ መግባት ነው። ከአስፋልት 200 ሜትር የገባ ቤትና አንድ ኪሎ ሜትር የገባ ቤት በጋ ላይ አንድ ናቸው፤ ክረምት ላይ የተለያየ ከተማ ናቸው።

ውሃውን ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ። ጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ከመንገዱ ጋር ምን አገናኘው? ውሃው የሚመጣው እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ ቢሆንስ? ቅርብ ያለ ሰው በምሳ ሰዓት ሮጦ ጀሪካኑን ይሞላል። እናንተ ማታ ስትደርሱ ቧንቧው ያፏጫል። አከራይዋን "እትዬ፣ ውሃ አለ?" ብትሏቸው "አለ የኔ ልጅ፣ አይጠፋም" ነው የሚሏችሁ። መልስ አይደለም። ከግቢው ውጡና ጀሪካን የተሸከመች ልጅ ጠይቁ፦ መጨረሻ የመጣው በየትኛው ቀን ነው? በስንት ሰዓት? ሮቶ ያለው ግቢ ትንሽ ቢወደድም ለሩቅ ሠራተኛ ይሻላል።

ማታውስ? እኛ ሒሳብ ሳይዘጋ አንወጣም። አንዳንድ ቀን ሒሳቡ እንቢ ይላል፣ 50 ብር ፍለጋ እስከ አንድ ሰዓት ይመሻል። ያን ጊዜ ወደ አዘዞ የሚጮኽ ረዳት ይሳሳል፣ ባጃጁ "ኮንትራት ካልሆነ" ይላል። የሰዓት ገደብ በሚጣልበት ጊዜማ ኮንትራቱም አይገኝም። መሥሪያ ቤታችሁ በሰዓቱ የሚለቅ ከሆነ ይህን አንቀጽ እለፉት። ተረኛ የምትገቡ የሆስፒታል ሰዎች ግን ደግማችሁ አንብቡት።

አዘዞን ለማጣጣል አይደለም። ሜዳ ነው፣ የከተማው ዳገት የለም፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ልጅ ይሯሯጥበታል። ሥራው እዚያው የሆነ ወይም አየር ማረፊያ የሚሠራ ሰው ፒያሳ ቢከራይ እገረማለሁ። ዘመዶቹ፣ እድሩ፣ ማኅበሩ እዚያ ያለ ሰውም እንዲሁ። ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ትራንስፖርት መያዝ ከሥራ መንገድ ያልተናነሰ ያደክማል።

ባልና ሚስት ሆናችሁ አንዳችሁ ከተማ፣ አንዳችሁ አዘዞ ከሆነ ሥራችሁ፣ "መሃል ላይ እንከራይ" አትበሉ። መሃል ማለት ሁለታችሁም ሞልቶ የመጣ ሚኒባስ ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። ቤቱ ማታ ዘግይቶ ለሚወጣው ይቅረብ። ልጅ ካለ ደግሞ ከሁለታችሁም በፊት የልጁ ትምህርት ቤት ይቆጠር፣ ደውሎ "ልጅዎን አሞታል፣ ይምጡ" ሲል በአሥር ደቂቃ የሚደርስ አንድ ሰው ይኑር። የመጀመሪያውን ኪራይ የአንድ ወር ብቻ ለመክፈል ተደራደሩ።