ስኳሩን ለክተን ሰውየውን እንዳንረሳ

በየዓመቱ አዳማ ውስጥ መመረቂያቸው የደረሰ የጤና ተማሪዎች መጠይቅ ታቅፈው ወደ ስኳር ክትትል ክፍሎች ይገባሉ። ሊያውቁት የሚፈልጉት ትልቅ ነገር ነው፤ ሕመሙ የሰውን ኑሮና መንፈስ ምን ያህል እንደሚጎዳ። እኔም በመረጃ ሰብሳቢነት ነው የጀመርኩት። ዛሬ የልጆቹን ረቂቅ አነባለሁ። የሚመላለሱት ስህተቶች ያው ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ታካሚን ወረፋ ላይ መጠየቅ

ጠዋት የመጣ ታካሚ አልበላም። ደም ሊሰጥ ስለሆነ ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ከምግብ ተከልክሏል። አንዳንዱ ከወንጂ፣ አንዳንዱ ከሞጆ ገና ሳይነጋ ተነስቷል። ስኳሩ ወርዶ እጁ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። በዚህ ሁኔታ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድካም ይሰማዎት ነበር?» ብትሉት የምታገኙት የዚያን ጠዋት መልስ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት እናትን እንደዚያ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማለች፣ ነርሷም ትሰማለች። «መድኃኒት አቋርጠው ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ኧረ በፍጹም፣ ልጄ!» አሉኝ። ልጅቷ ውሃ ልትገዛ ወጣ ስትል እጄን ያዝ አደረጉ። «ኪራይ ሲጠብቀኝ ግማሹን ነው የምውጠው። እሷ እንዳትሰማብኝ።» የእሳቸውን ቅጽ አስተካከልኩ። ከእሳቸው በፊት በዚያው ወረፋ ላይ የሞላኋቸውን ቅጾች ግን ምን ላድርጋቸው? ስንቱ በይሉኝታ «በፍጹም» እንዳለኝ አላውቅም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ታካሚው ደሙን ይስጥ፣ ቁርሱን ይቅመስ፣ ከዚያ ብቻውን ጠይቁት። ክፍል ከሌለ ዛፍ ሥር ሁለት ወንበር ይበቃል። አስታማሚውን ደግሞ በትሕትና ራቅ በሉልን ማለት ነውር የለውም።

መጠይቁን ቃል በቃል መተርጎም

«ድብርት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። የከተማ ወጣት «ደብሮኛል» ሲል ሥራ ፈትቶ ስለሰለቸው ሊሆን ይችላል። ትልቅ ሰው ግን እውነተኛውን ሐዘን በዚህ ቃል ላይገልጸው ይችላል። «ሆዴ ባባ»፣ «ሐሳብ ገባኝ»፣ «ሰው ማየት አስጠላኝ» ይላል። አዳማ ላይ ደግሞ ብዙ ታካሚ ስሜቱን የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛ ቅጽ ይዞ እዚያው በቃል እየተረጎሙ መጠየቅ እያንዳንዱን ሰው የተለያየ ጥያቄ እንደመጠየቅ ነው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ በአማርኛ ተፈትሾ የተዘጋጀ ቅጂ አለው፤ እሱን ተጠቀሙ። ያልተፈተሸ ከሆነ አንዱ ይተርጉመው፣ ሌላው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ከዚያ ጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሩት።

ድካምን ሁሉ ድብርት ማለት

ፒኤችኪው-9 ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎትም ይጠይቃል። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ሌሊት ለሽንት እየተነሳ እንቅልፍ ያጣል፤ ቀን ይደክመዋል። ነጥቡ ከፍ ያለው በዚህ ሊሆን ይችላል። ከድብርት የሚለይ ሌላ ጫናም አለ። ሰውየው በሕመሙ ይታክታል። መርፌው፣ ቀጠሮው፣ እግሬ ይቆረጥ ይሆን የሚለው ፍርሃት፣ ድግስ ላይ «አንተ ይህን አትብላ» የሚል ዘመድ። ለዚህ የተዘጋጀ ፔይድ የሚባል 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ ጥናቱን በጣም ያከብረዋል።

የዓለም ጤና ድርጅትን ባለ 5 ጥያቄ የደኅንነት መጠይቅ ለምትጠቀሙ አንድ ትንሽ ነገር፦ ድምሩ ከ25 ነው። መለያው 50 ነው፤ ከዚያ በታች የሆነ ሰው ደኅንነቱ ዝቅ ያለ ይባላል። ከ50 ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት ድምሩን በ4 አባዙት። ይህን ረስቶ ከተማውን ሙሉ የተከፋ ያደረገ ረቂቅ አንብቤአለሁ።

በአንድ ጠዋት ውጤት መፍረድ

ሳይበላ የሚለካው ስኳር የሚናገረው ስለዚያ ጠዋት ነው። ቀጠሮ ሲቃረብ ደግሞ ብዙ ሰው ይጠነቀቃል፤ እንጀራውን ይቀንሳል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል። ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ግን ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ ጊዜ አማካይ ያሳያል። ከተገኘ እሱን ያዙ። ደም ማነስ ውጤቱን ሊያዛባው እንደሚችልም አስታውሱ። ካልተገኘ ቢያንስ ቀኑን መዝግቡ፤ ሰውየው በጾም ላይ መሆኑንም ጠይቁ። ግማሹን መረጃ በሁዳዴ፣ ግማሹን ከፋሲካ በኋላ ሰብስቦ እንዳልተለየ አድርጎ መደመር አይሆንም። በረመዳንም የምግቡና የመድኃኒቱ ሰዓት ይለወጣል።

«ስኳር ድብርትን አመጣ» ብሎ መደምደም

አንድ ቀን አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ የቱ እንደቀደመ አታውቁም። የተከፋ ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፤ ጭንቀት የሚያመነጨው ሆርሞንም ስኳር ይጨምራል። በሌላ በኩል ስኳሩ እምቢ ያለው ሰው ተስፋ ይቆርጣል። «ተያይዘው ታይተዋል» ብላችሁ ጻፉ።

ክትትል ላይ ያሉትን ብቻ ጠይቆ ስለ ከተማው ስኳር ሕመምተኛ ሁሉ መደምደምም እንደዚሁ ስህተት ነው። በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኖሩን አያውቁም። የባጃጅ ብር አጥቶ ከቀጠሮ የቀረውም እናንተ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ከመዝገቡ የቀሩትን አውጥታችሁ ደውሉላቸው።

ዘጠነኛውን ጥያቄ አክብቦ ማለፍ

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የፒኤችኪው-9 መጨረሻ ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል ስለሚል ሐሳብ፣ ራስን ስለመጉዳትም ይጠይቃል። መረጃ ሰብሳቢው ቁጥሩን ያከብባል፣ ገጹን ይገልጣል፣ «አመሰግናለሁ» ይላል። ያ ሰው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ለሰው የተናገረው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል እንደሚገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ማን ተረኛ እንደሆነ እወቁ። «አዎ» ያለ ሰው ሲያጋጥማችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ፤ አትቸኩሉ፣ አድምጡት። ከዚያ ክፍሉን ጠቁማችሁ አትስደዱት፤ አብራችሁት ሂዱ፣ ባለሙያው እስኪቀበለው ድረስም አጠገቡ ቆዩ። የቀረው ቅጽ ነገም ይሞላል።