ኢሉባቦር ወይ ሐረና ጫካ ስትገቡ ከእፉኝት እንዴት መጠንቀቅ ይቻላል

በመጀመሪያ ስለማን እንደምናወራ ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት የምትባለው ከኛ ሀገር ውጪ የትም የለችም፣ በሳይንስ የተመዘገበችው በ1977 እ.ኤ.አ ሲሆን የመጀመሪያዋ የተገኘችው መቱና በደሌ መሃል ዶኪ ወንዝ ድልድይ አካባቢ ነው። ባሌ ሐረና ጫካ ያለችው ደሞ ዘመዷ ናት፣ እሷ ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ የተመዘገበችው በ2016 ነው፣ ቅርብ ጊዜ ማለት ነው። ሁለቱም ወፍራም፣ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ያላቸው ናቸው፣ ፎቶ ላይ ስታዩት እንዴት አይታይም ትላላችሁ ግን ረግፎ የከረመ ቅጠል ላይ ስትተኛ በቃ የለችም።

ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው። እፉኝት እግር ስትሰማ እንደ ሌላው እባብ ሹልክ ብላ አትሄድም፣ ዝም ብላ ትተኛለች፣ አደኗም እንደዛው አድፍጦ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ድምፅ እያሰማሁ ከሄድኩ ትሸሻለች ብላችሁ አትተማመኑ፣ ዓይናችሁ መሬት ላይ ይሁን። ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ሱሪው ሰፋ ያለና ረጅም ይሁን። የወደቀ ግንድ ስትሻገሩ ዘላችሁ ማዶ አትረፉ፣ መጀመሪያ ግንዱ ላይ ውጡና ማዶውን አይታችሁ ውረዱ። ቡና ለቀማ ላይ ያላችሁ ደሞ ዛፉ ላይ ያለው ብዙ አያሰጋም፣ የሚያሰጋው መሬት የወደቀውን መልቀም ነው፣ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ቅጠሉን በዘንግ ገለጥ ገለጥ አድርጉት። ማታ ያለ ባትሪ ከድንኳን አትውጡ፣ ለሽንትም ቢሆን።

እንደ ጎማ የሚተነፍስ ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙ፣ የት እንዳለች እዩ፣ ከዛ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ። ፎቶ ካማራችሁ በዙም። መግደል አያስፈልግም፣ ሊገድል ሲጠጋ የሚነከስ ሰው አለ። (በነገራችን ላይ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ነው የሚወጡት የሚባለው ተረት ነው፣ እንቁላል ሳትጥል በሕይወት ትወልዳለች ግን አትሞትም።)

አሁን ከነከሰች። የተነከሰው ሰው አይሩጥ፣ ይተኛ፣ እጁን ወይ እግሩን በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉት። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ ጫማ ቶሎ አውልቁ ምክንያቱም በጣም ያብጣል። በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ አረቄ ማጠጣት፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ፣ ማሰሩ በተለይ እግር ያስቆርጣል። ለህመሙ ፓራሲታሞል ይቻላል፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን ደም ስለሚያቀጥኑ አትስጡ። ከዛ በቃሬዛም በሞተርም በተገኘው ነገር ሐኪም ቤት።

የቱ ሐኪም ቤት የሚለውን ግን ከጉዞው በፊት ጨርሱት። አንቲቬኖም (የእባብ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት) ሁሉም ጤና ጣቢያ የለም፣ ለዚች ዝርያ ብቻ ተብሎ የተሰራ ደሞ ጭራሽ የለም፣ ስለዚህ በአቅራቢያው ያለ ሆስፒታል ደውላችሁ የአፍሪካ እፉኝት አንቲቬኖም አላችሁ ወይ በሉ፣ ስልኩን ለአስጎብኚውም ለሾፌሩም ስጡ፣ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ማን ወጥቶ እንደሚደውልም ተነጋገሩ። ሐኪም ቤት ደርሶ ምንም አልተሰማኝም የሚል ሰው ካለም አትስሙት፣ ቢያንስ 24 ሰዓት እዛው ይቆይ፣ እብጠቱም የደም አለመርጋቱም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።